አሥራ ሁለት ንጹሕ ወረቀቶች

ሚስ ኮንስታንስ ዌሪንግ የሂልዳ ፕሮሰርን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያንኳኩት በ1956 ማርች ወር ላይ ነው። ያንኳኩትም የፊቱን በር ነበር። በአርሎው የታችኛው ሰፈር የፊት በር የሚከፈተው ለሐኪምና ለሬሳ ሣጥን ብቻ ስለሆነ፣ ሂልዳ እርጥበት ያሳበጠውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን ከግድግዳው አስደግፋ መጎተት ነበረባት። በሩ በድንገት ሲለቅ ሁለቱ ሴቶች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ። አንዷ የሃያ ስምንት ዓመት የጡብ ሠራተኛ ልጅ፣ ሌላዋ የአርባ ሰባት ዓመት የቄስ ልጅ ናቸው። ሁለቱም ያላገቡ፣ ሁለቱም ዓይነ አፋር።

"ሚስ ፕሮሰር እርስዎ ነዎት? በቤት ውስጥ ታይፕ እመታለሁ የሚል ማስታወቂያዎን አይቼ ነበር።"

"ነኝ። ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ መታዎት።"

"አይ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው። እዚሁ ይበቃኛል።" ሚስ ዌሪንግ ከካፖርታቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ። "ትንሽ ረዘም ይላል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማይረባ ነገር ነው። እንዲያው ተረት ቢጤ።"

"ሁለት ኮፒ?"

"ሁለት። ቢቻል።"

"ይቻላል።"

ንግግራቸው ይኸው ነበር። ሚስ ዌሪንግ ዣንጥላቸውን ሳይዘረጉ፣ ብብታቸው ሥር እንደያዙት በዝናቡ ሄዱ።

ጥቅሉ የታሰረው የቲማቲም ተክል በሚያቆሙበት ሲባጎ ነበር። ጽሑፉ በእርሳስ ሆኖ፣ የሟቹ አባታቸው ስብከት ጀርባ ላይ ሰፍሯል። አንዱን ገጽ ስትገለብጥ ስለ ትዕግሥት የተሰበከ ስብከት፣ መልሳ ስትገለብጥ አንድ ደወል ሠሪ፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ብቻ የሚሰማውን ደወል ሲቀርጽ ታገኛለች። ከሁሉም በታች ግን አንድ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ያልተቆረጠ፣ ቅቤ የመሰለ ውድ ወረቀት ነበር። ባዶ ነው። ሂልዳ በሁለቱም በኩል አየችው፣ ወደ መስኮቱም አንስታ ተመለከተችው። ምንም አልተጻፈበትም።

"ጥቅሉ እንዳይቆሽሽ ያደረጉበት ነው" አለች ለእህቷ።

"በዚህ ወረቀት? ንግሥቲቱ እንኳ በዚህ ላይ ለመጻፍ እጇን ትታጠባለች" አለች ሙሪየል። ሙሪየል ታላቋ ናት። በሥጋ ቤት ቋሊማ ስትሸጥ ውላ፣ ማታ የከተማውን ወሬ ጠቅልላ ይዛ የምትገባ፣ አፏ ያልታሰረ ሴት ናት። "ለምን ለራስሽ አታስቀሪውም?"

"የሰው ወረቀት ነው።"

ጦርነቱ ካለፈ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነውም፣ ሂልዳ ወረቀት የሚያባክን ሰው እንደ ሌባ ነበር የሚታያት። ሥራውን ጨርሳ ስትመልስ ያንን ባዶ ወረቀት በስስ ወረቀት ጠቅልላ፣ እጥፋት እንኳ ሳታስነካው፣ እንደ መጣ መለሰችው።

ሂልዳ ለምን አንድ ቃል አስተያየት እንዳልሰጠች ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሂልዳንና ጓደኞቿን ታይፕ ያስተማረች ሴት ክፍል በገባች ቁጥር "የምትመቱትን አታንብቡ፣ ያነበባችሁትን አታውሩ" ትል ነበር። ሌሎቹ ልጃገረዶች ከኋላዋ ያሾፉባታል። ሂልዳ ግን የነገሯትን አምና የምትቀበል ልጅ ነበረች። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ተሳሳተች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ስትሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከእሷ ጎን እንዲቀበር የሚጠይቅ ደብዳቤ አስመታ። ሊፈርም ሲመጣ ልጅቷ አላስችል ብሏት "እንዴት ያለ ቆንጆ ደብዳቤ ነው የጻፉት!" አለችው። ሽማግሌው እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሳይፈርም ወጣ። ጠበቃው ጠርቷት "ሚስ ፕሮሰር፣ ማን ጠየቀሽ?" አላት። ሌላ ምንም አላለም፣ ግን ያቺ ጥያቄ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሂልዳ በሰው ጽሑፍ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም።

የደወሉ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በለንደን ሽልማት አገኘ። ከዚያ የጨው ልጆች የተባለው መጣ፣ ከዚያም ጥላውን ስለሚያከራይ ከተማ የሚተርከው። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ መጽሐፍ። ፖስተኛው ከጃፓንና ከብራዚል የሚመጣ ደብዳቤ በከረጢት ተሸክሞ ቤታቸው ያለበትን ኮረብታ ሲወጣ ያለከልክ ነበር። ጋዜጦች ሚስ ዌሪንግን የዘመኑ ታላቅ ተረት ፈጣሪ ብለው ጻፉላቸው።

አርሎው ውስጥ ግን አንድም ሰው ስለ መጽሐፋቸው ትንፍሽ አይልም። ክፋት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የአርሎው ሰው ጎረቤቱ ያለ ሱሪ ሲሮጥ ቢያይ እንኳ ስለ አየሩ የሚያወራ ሕዝብ ነው። በሥጋ ቤቱ ወረፋ ላይ "ውሻዎ እንዴት ነው?" ይሏቸዋል። ውሻው ደህና ነው ይላሉ። ቤት ገብተው መጽሐፋቸውን የሚያነቡትና የሚያለቅሱት ስንት ሰዎች እንደነበሩ እግዚአብሔር ይወቀው። ሚስ ዌሪንግ ግን አላወቁም። ደብዳቤ ከሩቅ ይመጣል፣ በቅርብ ያለው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ውሻው ነው። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ደግሞ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከማንም በፊት ያነበበችው ያቺው የታችኛው ሰፈር ታይፒስት ነበረች።

ሂልዳ ታነብ ነበር እንዴ? እንዴት አታነብም! ጣቶቿ ቁልፉን ሲመቱ ዓይኗ ከእርሳሱ ጽሑፍ ላይ አይነሳም። ልቧ ተንጠልጥሎ ምሳዋን ረስታ የዋለችበት ቀን ብዙ ነው። የጨው ልጆች ታናሽ ወንድማቸውን ዝናብ ሲያሟሟባቸው፣ ተነስታ ጓሮ ወጥታ የልብስ ገመዱን ይዛ ቆማለች። እሁድ እሁድ በቴም ወንዝ ዳር ስትሄድ ከጎኗ የሚሄዱት የአርሎው ሰዎች አልነበሩም፤ ደወል ሠሪውና ጥላ አከራዩ ነበሩ። በሕይወቷ ከዚህ የበለጠ ደስታ አላገኘችም። ይህን ለማንም አልነገረችም፣ ለሙሪየልም።

ሥራው ሲያልቅ ጥቅሉን በብስክሌቷ ቅርጫት አድርጋ፣ ኮረብታውን እየገፋች ወጥታ፣ የሚስ ዌሪንግን የጓሮ በር ታንኳኳለች። ሙሪየል በዚህ መቀለድ አይታክታትም። "እሳቸው በፊት በር ይመጣሉ፣ አንቺ በጓሮ በር ትሄጃለሽ። እናንተ ሁለታችሁ የምትገናኙት በመቃብር በር ነው!"

በወጥ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሻይ ይቀዳል፣ ብስኩት በሰሃን ይቀርባል፣ ሂልዳ አንድ ብቻ ታነሳለች። ሚስ ዌሪንግ ጥቅሉን ፈትተው መጀመሪያ የሚያወጡት በየጥቅሉ ሥር አዲስ የሚያስቀምጡትን ወፍራም ባዶ ወረቀት ነው። በፊትም በጀርባም ያዩታል። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያስቀምጡታል።

"ያስቸገረዎት ነገር ነበር፣ ሚስ ፕሮሰር?"

"ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ ቃል አልታየኝም። በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለም፣ ሚስ ዌሪንግ።"

"ጥሩ። በጣም ጥሩ። ደግ ነዎት።"

ሂልዳ ወረቀቱን እንዲያ አገላብጠው የሚያዩት፣ ቆሽሾ ወይም ተነክቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስላት ነበር። ስለዚህ በየጊዜው ይበልጥ ተጠነቀቀች። በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ ወሰደችው። በስምንተኛው ላይ ጓንት አጠለቀች። እንዲህ ባለ ትጋት ነው ሰው የራሱን ጉድጓድ የሚቆፍረው።

የመጨረሻው መጽሐፍ በ1988 ሴፕቴምበር ወር መጣ። ሚስ ዌሪንግ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ጥቅሉን ያመጡት በታክሲ ነው። አሁንም በፊት በር።

"የመጨረሻዬ ነው መሰለኝ" አሉ። "አሳታሚዎቹ ዘንድሮ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው ይላሉ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔም ይህንን ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን መለየት አልቻልኩም።" ጥቅሉን ወዲያው አልለቀቁትም። "እርስዎ ያዩታል እንግዲህ።"

"በሦስት ሳምንት አደርሰዋለሁ" አለች ሂልዳ።

መጽሐፉ የወንዙ መሪ ይባላል። ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ይረሱና በየሜዳው ተኝተው ይበሰብሳሉ። አንዲት አሮጊት አንዱን ወንዝ በስሙ እየጠራች፣ ከፊት ከፊቱ እየሄደች፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ትመራዋለች። ሂልዳ ብዙ መትታለች፣ እንደዚህ ያለ ግን አልመታችም። ሌሎቹ መጻሕፍት የተጻፉት ለሰው ሁሉ ነበር። ይህ ግን በቀጥታ ለእሷ የተነገረ መሰላት። የመጨረሻውን ገጽ ስትመታ እንባዋ ሳታስበው ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ ቀለሙን አስፈሰሰው። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሦስት ቦታ ላይ።

ሂልዳ ያንን ገጽ ከታይፕ መኪናው መንጭቃ አወጣችው። የተበላሸ ገጽ አይሰጥም። ሙሪየል እንዳታየው አጣጥፋ ምድጃው ውስጥ ከተተችው፤ አፍንጫዋን ጠርጋ ገጹን እንደገና መታችው። በሕይወቷ ሁለት ጊዜ የመታችው ገጽ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እንደ ልማዷ ለኮፒ ያገለገለውን የካርቦን ወረቀት ሁሉ ሰብስባ አቃጠለች። ካርቦን ላይ የሰው ጽሑፍ ይነበባል፣ የሰው ምሥጢር ደግሞ አይቀመጥም።

ጥቅሉን ስታደርስ ኦክቶበር ገብቶ፣ ቅጠሉ ረግፎ ነበር። ሚስ ዌሪንግ የዚያን ቀን ሻይ መቅዳት ረሱ። ሲባጎውን ፈትተው ያንን ወረቀት አወጡ። በፊት አዩት። በጀርባ አዩት። ከዚያ እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ጎን አላስቀመጡትም፤ በሁለት እጃቸው እንደያዙት ቀሩ።

"ያስቸገረዎት ነገር ነበር?"

የሂልዳ አፍ ተከፈተ። እንባዋ፣ ወንዙ፣ አሮጊቷ ሁሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥተዋል። ማን ጠየቀሽ? የሚለው የጠበቃው ድምፅም አብሮ መጣ።

"ገጽ ሁለት መቶ አራት ላይ እርሳሱ ደብዘዝ ብሏል" አለች። "አስተካክዬዋለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለም።"

"ጥሩ" አሉ ሚስ ዌሪንግ። ወረቀቱን አጥፈው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሂልዳ ስታየው ገረማት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች እጥፋት እንዳይነካቸው ስትጠብቅ ኖራለች። በሩ ላይ ደርሳ ዘወር አለች፣ ግን ሚስ ዌሪንግ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። የሰው ጀርባ ደግሞ አይነገረውም። ብስክሌቷን ይዛ ወረደች።

ኖቬምበር አምስት ቀን፣ የጥንት ሴራ የከሸፈበትን ዕለት ለማሰብ፣ የአርሎው ሰው ሁሉ እሳት ያነዳል። ልጆቹ አሻንጉሊት ሠርተው በሜዳ ላይ ያቃጥላሉ፣ ትልልቆቹ በየጓሯቸው የረገፈ ቅጠል ያነዳሉ። ያን ቀን ሙሪየል ከሥራ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወሬዋን ጀመረች።

"ሚስ ዌሪንግሽን አየኋቸው። በዚያ ጉልበታቸው በእጅ ጋሪ ወረቀት እየገፉ እሳት ውስጥ ይከታሉ። 'ላግዝዎት?' ብላቸው 'አይ፣ የማይረባ ነገር ነው' አሉኝ። ውሻው እንኳ ተክዞ ያያቸዋል።"

"አሮጌ ወረቀት ይሆናል" አለች ሂልዳ።

"ይሆናል። አንዱ ጥቅል ግን በሲባጎ እንደገና ታስሮ ነበር።"

ሂልዳ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የዚያን ሳምንት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ የፊት በሩ ተንኳኳ። ሚስ ዌሪንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቡ ሲባሉ ገቡ። የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ላይ የእሳት ጠባሳ ነበር።

"ሞኝ ሥራ ሠራሁ፣ ሚስ ፕሮሰር። ሁለቱንም ኮፒ፣ የእርሳሱንም ጽሑፍ አቃጠልኩት። ምንም እንዳልሆነ ተሰማኝ። ያን ቀን ምንም እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን..." ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "አሁን አሮጊቷ አልተወችኝም። ማታ ማታ ወንዙን ስትጠራ እሰማታለሁ። እንደገና ለመጻፍ ተቀመጥኩ፣ አልመጣ አለኝ። ዕድሜ ነው። ካርቦኑ ይኖርዎት ይሆን?"

"አቃጥዬዋለሁ፣ ሚስ ዌሪንግ። ሁልጊዜ አቃጥላለሁ።"

"ልክ ነው። እንደሚገባው አድርገዋል።" ከዚያ ጎንበስ ብለው የሂልዳን እጅ ያዙ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ተጨባብጠው እንኳ አያውቁም። "ሂልዳ። የምታስታውሺው አለ? መጀመሪያው ቢሆን፣ መጨረሻው ቢሆን። አንድ ገጽ። አንድ ገጽ ብታገኚልኝ ከዚያ ተነስቼ እመራዋለሁ።"

አንቺ አሏት። ሂልዳ አሉ። የመጨረሻው ገጽ፣ ሁለት ጊዜ የመታችው ገጽ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ነጥቡ ምላሷ ላይ ነበር። በዚያች ደቂቃ ብትናገረው ኖሮ መጽሐፉም ይተርፍ ነበር፣ ሴትየዋም። ግን ምን ብላ ትናገር? ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ጽሑፍ እያነበብኩ፣ እያለቀስኩ፣ እንዳላነበብኩ ሆኜ ብስኩትዎን በላሁ ትበላቸው? ሰው ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደለመደው ነው።

"እኔ ስመታ አላነብም፣ ሚስ ዌሪንግ" አለች።

ሚስ ዌሪንግ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

"አዎ። እርግጥ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ፕሮሰር።"

ተነሱ። በሩ እንደ ልማዱ እምቢ ሲል ሁለቱም አብረው ጎተቱት።

ሙሪየል ያን ቀን ስትገባ እህቷን በጨለማ ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ አገኘቻት።

"ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?"

"አልሞተም።"

"እና ምን ያስለቅስሻል?"

"አላለቀስኩም" አለች ሂልዳ፣ እያለቀሰች።

ሂልዳ ሄዳ ልትናገር ቆርጣ ነበር። ሐሙስ እሄዳለሁ አለች፣ ሐሙስ ዘነበ። ገና ይለፍ አለች፣ ገና አለፈ። በጃንዋሪ አንድ ቀን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ የመጨረሻውን ገጽ በልቧ እየደገመች ኮረብታውን ወጣች። የጓሮ በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ የሬዲዮ ሙዚቃ ሰማች። ሰው ሙዚቃ እያዳመጠ አይረበሽም ብላ ተመለሰች። እንዲህ ያለውን ምክንያት የሚፈጥር ጨዋነት ከብልግና በምን እንደሚሻል አላውቅም።

በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሳምንት ሚስ ዌሪንግ የሳምባ ምች ይዟቸው በአራት ቀን ሞቱ።

ለቀብሩ ከለንደን ጥቁር መኪኖች መጡ። የማያውቋቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆመው ስለ ጨው ልጆችና ስለ ደወሉ ተናገሩ፤ አንድ ወጣት መናገር አቅቶት አለቀሰ። የአርሎው ሰዎች ጫማ ጫማቸውን እያዩ ሰሙ። ሲወጡ እርስ በርሳቸው "ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ለውሻ ይሳሱ ነበር" ተባባሉ። ሂልዳ ከኋላው ወንበር ሳትነሳ ሰዎቹ ሁሉ ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊት በሩ እንደገና ተንኳኳ። የሚስ ዌሪንግ የወንድም ልጅ ፊሊፓ ነበረች፤ የአርባ ዓመት ገደማ፣ የአክስቷን አፍንጫ የያዘች ሴት።

"ቤቱን እያጸዳሁ ነው" አለች። "አክስቴ የጽሕፈት ጠረጴዛዋ ውስጥ ይህን ፖስታ አስቀምጣለች። በእርስዎ ስም ነው። ከፍቼዋለሁ፣ ይቅርታ። ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ምናልባት እርስዎ ያውቁ ይሆናል።"

ትልቅ ቡናማ ፖስታ ነው። ላዩ ላይ በዚያ በምታውቀው የእርሳስ ጽሑፍ "የሚስ ፕሮሰር አስተያየት" ይላል። ሂልዳ እጇን ሰደደች። ወፍራም፣ ቅቤ የመሰሉ ወረቀቶች ወጡ። እየቆጠረች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። በእያንዳንዱ የላይኛው ጥግ ላይ፣ በጣም በደቂቅ ፊደል፣ የመጽሐፍ ስምና ቀን ተጽፏል፤ የጠፉት ደወሎች፣ የጨው ልጆች፣ ጥላ አከራዩ። አሥራ ሁለተኛው መሐሉ ላይ እጥፋት አለበት። የወንዙ መሪ። ከዚያ በታች ሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ የጣት አሻራ እንኳ የለባቸውም።

"ባዶ ናቸው" አለች ፊሊፓ። "አስተያየት ይላል፣ ግን ባዶ ናቸው።"

"አዎ" አለች ሂልዳ።

"አክስቴ ሁልጊዜ፣ 'ከአሳታሚው በፊት የሚያነብልኝ ሰው አለ፣ ምን እንደሚያስብ ግን አይነግረኝም' ትል ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይመስለኝ ነበር።"

ሂልዳ ወረቀቶቹን እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። ፊሊፓ የሴትየዋን ፊት አይታ ጓንቷን አጠለቀች፣ ሻይ ሳትጠጣም ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሂልዳ የታይፑን ክዳን አነሳች። መጀመሪያ ተራ ወረቀት አስገብታ የወንዙ መሪን የመጨረሻ ገጽ መታችው፤ አንድም ቃል አላመለጣትም። ቀድሞ ያለውን ሁለት መቶ ሦስት ገጽ ልታስታውስ ታገለች። ስሞች፣ አንድ ድልድይ፣ የአንድ ጎመን ሻጭ ንግግር መጡላት። ሌላው እንደ ውሃ ፈሶ ሄዷል። በአምስት ወር ውስጥ ሄዷል። ኖቬምበር ላይ ግን ከዚህ ብዙ የበለጠ ነበራት፣ ያንንም ታውቃለች።

ከዚያ እጥፋት ያለበትን ወፍራም ወረቀት መኪናው ውስጥ አስገባች። ሚስ ዌሪንግ ብላ ልትጀምር ነበር። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ኮንስታንስ ብላ መታች። ሁሉንም አንብቤያለሁ። የጨው ልጆችን ስመታ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። የዚህኛውን መጨረሻ ሁለት ጊዜ የመታሁት እንባዬ ስላበላሸብኝ ነው፤ የተበላሸውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ለአንቺ ልሰጥሽ ይገባ ነበር። ከጻፍሽው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ሙሪየል ሁለት ሲኒ ሻይ ይዛ ገባች። "ሥራ የለኝም ስትይ አልነበር? ማን ያስመታሻል?"

"ተቀመጪ" አለች ሂልዳ። "ላንብብልሽ።"

"አንቺ? ታነቢያለሽ እንዴ?"

ሂልዳ የመጨረሻውን ገጽ አነበበችላት። አሮጊቷ ከሰባት ዓመት በኋላ ባሕሩ ዳር ትደርሳለች። ወንዙ ከኋላዋ እያገሳ ይመጣል። "ወንዙ ሲያልፋት አላወቃትም" ይላል የመጨረሻው። "እሷ ግን እግሯ እስኪርስ ቆማ ጠበቀችው፣ አልተቀየመችውምም።"

የሙሪየል ሻይ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች፣ ተቆጥታም ይመስል ነበር።

"ይህንን ነው ያቃጠሉት?"

"ይህንን ነው።"

"አንቺ ግን ወደሽው ነበር።"

"ወድጄው ነበር።"

"ነገርሻቸው?"

ሂልዳ ወፍራሙን ወረቀት ከመኪናው አውጥታ በአሥራ አንዱ ንጹሕ ወረቀቶች ላይ አስቀመጠችው።

"አልነገርኳቸውም" አለች።